የአዋሽን መጨረሻ ያየው ሰውና ፎቶግራፎቹ

ዊልፍሬድ ቴሲጀር ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ተወለደ። አባቱ በዘመኑ በኢትዮጵያ የእንግሊዝ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሚኒስትር ነበሩ። በ1909 ዓ.ም. የሰገሌ ድል አድራጊዎች ወደ ከተማ ሲገቡ የተመለከተው ሕፃን፣ የዚያን ቀን ትርዒት ዕድሜውን ሙሉ ከልቡ አላወጣውም። ቤተሰቡ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም በመንፈስ የኢትዮጵያ ልጅ ሆኖ ቀረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የቀድሞ ወዳጃቸውን ልጅ በበዓሉ ላይ እንዲገኝ ጠርተውታል።

ከዘውዱ በዓል በኋላ ወደ አዋሽ ሸለቆ ለአደን ወረደ። በዚያም አንድ ጥያቄ ያዘው፤ ይኸውም አዋሽ ከደጋው ተነሥቶ ወደ ባሕር አቅጣጫ ከወረደ በኋላ ባሕሩን ሳይደርስ የት ይጠፋል የሚል ነበር። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱን ፍለጋ የሄዱ ሁሉ በሰላም አልተመለሱም። ሙንዚንገር እ.ኤ.አ. በ1875 በአውሳ ከነተከታዮቹ ተገድሏል። በዚያው በአፋር ምድር ጁልዬቲ እ.ኤ.አ. በ1881፣ ቢያንኪም እ.ኤ.አ. በ1884 ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ቴሲጀር ኅዳር 22 ቀን 1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ሲነሣ ዕድሜው 23 ዓመት ነበር። ባሕዱ ከደረሰ በኋላ መንግሥት ለደኅንነቱ በመሥጋት አስመለሰው፤ እርሱ ግን አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ለሚደርስበት ሁሉ ኃላፊነቱ የራሱ መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጦ ፈቃድ አገኘ። የጉዞ ጓደኛው ዴቪድ ሄግ ቶማስ ጤና አጥቶ ስለተለየው፣ ዑመር በተባለ የጓዝ አለቃ ረዳትነት ግመሎቹንና ሰዎቹን ይዞ ቀጠለ። በአውሳም ከሡልጣን መሐመድ ያዮ ጋር ተገናኝቶ ማለፊያ ተሰጠው። የወንዙን መንገድ እየተከተለም አዋሽ በአቤ ሐይቅ ጨው ውስጥ ማለቁን በዓይኑ አየ። ግንቦት 12 ቀን 1926 ዓ.ም. ታጁራ ሲደርስ ከማስታወሻ ደብተሩ ሌላ የያዘው ዋና ሀብት፣ የአባቱ በነበረ የኮዳክ ካሜራ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ያሳለፈው ሕይወት ሰፊ ነው። በሱዳን አስተዳደር ውስጥ አገለገለ፤ በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል ጣልያንን ለማስወጣት በተደረገው ዘመቻ ተካፈለ። በዓረብ ታላቁ በረሃ፣ በደቡብ ኢራቅ ረግረግ፣ ኋላም በሰሜን ኬንያ ብዙ ዓመታት ኖረ። ካሜራውን በላይካ ከለወጠ በኋላም እስከ መጨረሻው በጥቁርና ነጭ ፊልም ብቻ ሠራ። የጻፋቸው መጻሕፍት ዝና ያገኙት ከጽሑፉ ባልተናነሰ በፎቶግራፎቹ ነው። የአዋሽ ጉዞው ማስታወሻ ግን ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ማለትም ጉዞው ከተፈጸመ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ቴሲጀር ነሐሴ 18 ቀን 1995 ዓ.ም. አረፈ።

ትቶት የሄደው ወደ 38000 የሚጠጋ ኔጋቲቭና በብዙ አልበም የተደራጀ ሥዕል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የእንግሊዝ መንግሥት ይህን ስብስብ በውርስ ግብር ፈንታ ተቀብሎ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ሰጠው። በዚያ አገር ሕግ መሠረት ወራሾች ለአገር ቅርስነት የሚበቃ ዕቃ በግብር ምትክ ማስረከብ ይችላሉ። ስለዚህ በግመል ጀርባ ተጭኖ ከአውሳ የወጣው ፊልም፣ እንደ መሬትና እንደ ቤት ዋጋ የሚቆረጥለት ንብረት መሆኑ በመንግሥት ደረጃ ታወቀ ማለት ነው።

ለሙያ ባልደረቦቻችን የዚህን ሰው ታሪክ ማንሣት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በፎቶግራፍ ረገድ ሦስት ነገሮች ተለይተው መታየት አለባቸው፤ እነርሱም የታጠበው ወረቀት፣ ኔጋቲቩና የማባዛቱ መብት ናቸው። ወረቀቱን የገዛ ሰው ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ይችላል፤ በመጽሐፍ ሊያትመው ግን ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንድ መሐንዲስ ለአንድ ድልድይ ያዘጋጀው ፕላን ሌላ ድልድይ እንዲሠራበት ፈቃድ እንደማይሆን ሁሉ፣ ፎቶግራፍ አንሺም ለአንድ መጽሔት አንድ ጊዜ መስጠቱ መብቱን ለዘለዓለም መሸጡ አይደለም። ስለሆነም የሚሰጠው ለስንት ጊዜ፣ በየትኛው አገር፣ በምን ዓይነት ኅትመትና በማን ስም እንደሆነ አስቀድሞ መጻፍ ይገባዋል።

የአገራችን ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ፎቶግራፍን እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ የሚቆጥረው በስብስብ ውስጥ ሲገኝ፣ በመጽሐፍ ሲወጣ ወይም የአንሺው ወይም የወኪሉ ስምና አድራሻ ሲኖርበት ነበር። በኋላም የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍን መብት ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። በእንግሊዝ ግን ጥበቃው አንሺው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቀጥላል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በእኛ ልክ ቢለካ ኖሮ በ1926 ዓ.ም. የተነሡት የአዋሽ ሥዕሎች በ1951 ዓ.ም. ነፃ በወጡ ነበር፤ በእንግሊዝ ልክ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2073 መጨረሻ ድረስ ባለቤት አላቸው። ከዚህም ሌላ የመብቱ ዘመን ቢያልፍ እንኳ ኔጋቲቩ ያለው በሙዚየሙ እጅ ስለሆነ፣ ጥሩ ቅጂ የሚፈልግ ሰው ሙዚየሙን መጠየቁ አይቀርም። መብትና ዕቃ የተለያዩ መሆናቸው በዚህ ይታወቃል።

ሆኖም ግን ከአንሺውም ከሙዚየሙም ሌላ ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው ነው። ያው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ27ኛው አንቀጽ የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ቀጥሎ ባለው አንቀጽ ደግሞ ለታዋቂ ሰዎች፣ እንዲሁም ለሳይንስና ለባህል ጉዳይ የተለየ ሁኔታ ያስቀምጣል። ቴሲጀር በተጓዘበት ጊዜ ይህ ሕግ አልነበረም። ቢሆንም የእነዚያ የአፋር ሽማግሌዎችና ጎበዛዝት የልጅ ልጆች ዛሬ በአሳይታና በሰመራ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎም ይኖራሉ። የአያቶቻቸውን መልክ ለማየት የባሕር ማዶ ፈቃድ መጠየቃቸው በሕግ ስሕተት ባይሆንም፣ በሕሊና ሚዛን ሲታይ ግን ከባድ ነገር ነው።

ለእኛም ሥራ ሥዕሎቹ ባዶ ጌጥ አይደሉም። ቴሲጀር ካለፈ በኋላ ወንዙ በቆቃ፣ ኋላም በተንዳሆ ተገድቧል፤ ሰፋፊ እርሻዎች ከውሃው ተካፍለዋል፤ የአቤ ሐይቅም እጅግ ሸሽቷል። የሐይቁን የቀድሞ ዳርቻና የአውሳን ጫካ መልክ ለመመርመር የሚሻ የውሃ መሐንዲስ፣ ከመለኪያ ጣቢያዎች መቋቋም በፊት ለነበረው ዘመን እንዲህ ካለው ማስረጃ የተሻለ ብዙም አያገኝም። ቴሲጀር ሲያልፍ ያልነበረችው ሰመራ አሁን የክልሉ ርእሰ ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም አላት። እንዲህ ያለ ተቋም ለትምህርትና ለምርምር የሚሆን ቅጂ በስምምነት እንዲያገኝ መጠየቁ ተገቢ ይመስለናል።

የማኅበራችን አባላትም በየሥራ ቦታው ብዙ ፎቶግራፍ ያነሣሉ። በመሥሪያ ቤት ሥራ ላይ የተነሣው፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ የአሠሪው ነው። በግል የተነሣው ግን የአንሺው ሆኖ ሳለ፣ ስም፣ ቀንና ቦታ ሳይጻፍበት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ባለቤቱ ይጠፋል፤ እንደ ማስረጃ ያለው ዋጋም አብሮት ይጠፋል። ቴሲጀር ሥዕሎቹን በየጉዞው ለይቶ በአልበም አኑሮ ባይጠብቅ ኖሮ ሙዚየሙ የሚረከበው ስብስብ ባልኖረ ነበር። በሥዕሉ ጀርባ አንድ መስመር መጻፍ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከ90 ዓመት በኋላ የአንድን ወንዝ መጨረሻ የሚያሳየን ግን ያ መስመር ነው።