ቦብ ዊድላርና ያጋደለው ዜሮ

ገበያ ላይ ሚዛኑ ባዶውን ሲያጋድል ነጋዴው ጠጠር ጣል አድርጎ ያቃናዋል። ካላቃናው ሻጭ ወይም ገዢ መጎዳቱ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ማጉያም (አምፕሊፋየር) እንዲሁ ነው። ሁለቱ መግቢያዎቹ እኩል ሆነው ሳለ፣ ዜሮ መሆን የሚገባው መውጫ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ይህን ለማቃናት መግቢያው ላይ የሚያስፈልገው ትንሽ ቮልቴጅ ኦፍሴት ቮልቴጅ ይባላል። ዛሬ ታሪኩን የምናወጋችሁ ሰው ከዚህ መዘንበል ጋር የታገለ ነው።

ሮበርት ዊድላር (ቦብ ይሉታል) እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ተወለደ። አባቱ የራዲዮ ጣቢያ ባለሙያ ስለነበረ ልጁ ከራዲዮ ጋር አደገ። በ1958 አየር ኃይል ገብቶ ለወታደሮች ኤሌክትሮኒክስ አስተማረ፤ የማስተማሪያ መጽሐፍም ጻፈ። ለካ ከእኛው ከመምህራን ወገን ነው! በ1963 ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በዚያው ዓመት ፌርቻይልድ ኩባንያ ተቀጠረ።

ቀደም ሲል ማጉያ የሚገጣጠመው ለየብቻ ከተሠሩ ትራንዚስተሮች ነበር። መግቢያው ላይ ያሉት ሁለቱ መንታ መሆን አለባቸው፤ ግን ከየት ይምጣ? አንዱ ከሌላው በ1 ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ የ2 ሚሊቮልት ያህል ልዩነት ይፈጠራል። 2 ሚሊቮልት ምን አላት? እንዳንል እስቲ እናስላው። ከክሮሜልና ከአሉሜል ሽቦ የተሠራ የሙቀት መለኪያ ለ1 ዲግሪ የሚሰጠው 40 ማይክሮቮልት ያህል ነው። ስለዚህ 2 ሚሊቮልት 50 ዲግሪ መሆኑ ነው። የፈላው ውሃ 100 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ 150 ወይም 50 ተብሎ ይነበባል። የፋብሪካ ምድጃ በዚህ ቢመራ ብረቱ ምን ሊሆን ነው?

ዊድላር የተመካበት ሐሳብ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በአንዲት የሲሊኮን ቁራጭ ላይ ጎን ለጎን የተሠሩ ትራንዚስተሮች አብረው ስለሚሠሩ ይመሳሰላሉ፣ ሲሞቁም አብረው ይሞቃሉ። የእያንዳንዳቸው ጠባይ በትክክል ባይታወቅ እንኳ መመሳሰላቸው ይበቃል። በዚህ መንገድ በ1964 702 የተባለውን፣ በ1965 ደግሞ ዝነኛውን 709 አወጣ። መዘንበሉ ግን ጨርሶ አልጠፋም፣ ጥቂት ሚሊቮልት ቀርቷል። ወደ ናሽናል ሰሚኮንዳክተር ተዛውሮ በ1967 ያወጣው ኤልኤም 101 ዜሮውን ከውጭ የሚያቃኑበት እግሮች አሉት። የነጋዴው ጠጠር እዚህ መጣች ማለት ነው።

ሰውየው ጠባዩ አስቸጋሪ ነበር፤ መጠጥም ያበዛ ነበር። በ1970 ኩባንያው የሣር ማሳጨጃ ወጪ ሲቀንስ በግ አምጥቶ ግቢው ውስጥ አሰማራ። እኛ አገር ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ እዚያ ግን እስከ ዛሬ ይወራል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገና በ33 ዓመቱ ሥራውን ትቶ ሜክሲኮ ገባ። በኋላ ተመልሶ ሌሎች ማጉያዎችን ሠርቷል። በ1991 በ53 ዓመቱ እዚያው ሜክሲኮ፣ ፖርቶ ቫያርታ ሞተ።

በላቦራቶሪ ማጉያ ያገኘን እንደሆነ ሁለቱን መግቢያዎች ከመሬት ሽቦው ጋር እናገናኝና መውጫውን እንለካ። ማጉያው 100 ጊዜ የሚያጎላ ሆኖ ቮልት መለኪያው 0.3 ቮልት ቢያሳይ፣ መዘንበሉ 3 ሚሊቮልት ያህል ነው።