እቴጌ ጣይቱ እና ፍል ውሃ

ተማሪዎች፣ ከላፍቶ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ብትጓዙ፣ እንጦጦ ሳትደርሱ በከተማው መካከል ፍል ውሃን ታገኛላችሁ። ይህ ምንጭ ከእቴጌ ጣይቱ ብጡል ሕይወት ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው።

እቴጌ ጣይቱ ከመሳፍንት ወገን የተወለዱ፣ ንባብ የተማሩ፣ በገና የሚደረድሩ ሴት ነበሩ። በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን አገቡ። ጥቂት ቆይቶም ቤተ መንግሥቱ በእንጦጦ ተራራ ላይ ሆነ። እንጦጦ ነፋሻና ብርዳም ነው። ከግርጌው ባለው ሜዳ፣ ፊንፊኔ በተባለው ስፍራ ግን ፍል ውሃ ይመነጭ ስለ ነበር ቁርጥማት የያዛቸው ሰዎች ይታጠቡበት ነበር።

የምንጩ አሠራር ይህን ይመስላል። የዝናብ ውሃ ወደ ምድር ውስጥ ጠልቆ፣ በጋለ አለት ሞቆ፣ ማዕድን ይዞ ይወጣል። ሙቀቱም ጡንቻን ያፍታታል፤ የመገጣጠሚያን ሕመም ያስታግሣል። በውሃ መታከም የሌላውም ዓለም ልማድ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በኦስትሪያ ግዛት ፕሪስኒትዝ የተባለ ገበሬ ሕሙማንን በቀዝቃዛ ውሃ እያከመ ስሙ ገንኖ ነበር።

በ1879 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱ ለመታጠብ ወደ ፍል ውሃ በወረደ ጊዜ፣ እቴጌ ጣይቱ ስፍራውን ወደዱት። ንጉሡን አስፈቅደው ቤት አሠሩ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም ተከትለው ሠፈሩ። በዚህ ዓይነት የመታጠቢያው ስፍራ ዋና ከተማ ለመሆን በቃ።

እቴጌይቱ የውሃን ኃይል በጦር ሜዳም ዐውቀውበታል። በ1888 ዓ.ም. ወታደሮቻቸው የመቀሌን ምሽግ ምንጭ ስለ ያዙ፣ ጣልያኖች በውሃ ጥም ተጨንቀው ምሽጉን ለቀቁ።

ይሁን እንጂ ውሃ ሁሉን አይችልም። አፄ ምኒልክ በጽኑ በታመሙ ጊዜ ለጠበል ወደ ደብረ ሊባኖስ ቢወሰዱም፣ ሕመማቸው እየከፋ ሄደ። እቴጌይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ። ባላቸው በ1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ተመልሰው በ1910 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ሁለት ነገር አስተውሉ። ፍል ውሃ ሕመምን ያስታግሣል እንጂ በሽታን ሁሉ አይፈውስም። አርቆ የሚያይ ሰው ግን፣ ሌላው ታጥቦ በሚሄድበት ምንጭ አጠገብ ከተማ ይቆረቁራል።

መልመጃ
1. እቴጌ ጣይቱ የውሃን ጥቅም በሰላምና በጦርነት እንዴት እንደ ተጠቀሙበት በራሳችሁ አነጋገር ግለጹ።
2. በአካባቢያችሁ ስላለ ወንዝ ወይም ምንጭ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ፣ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።