የኦዝ አገር አባት ፍራንክ ባውም

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ ከ1913 እስከ 1942 ድረስ አንድ አዲስ የሕፃናት መጽሐፍ ሳይወጣ ያለፈ ዓመት የለም። መጽሐፉ በየዓመቱ ሌላ ነው፤ የሚናገርላት አገር ግን አንዲት ናት፤ ስሟም ኦዝ ይባላል። ገና ሲቃረብ አባትና እናት ይህንን መጽሐፍ ገዝተው ለልጆቻቸው ስጦታ ይሰጣሉ፤ ማታ ማታም ያነቡላቸዋል። ልጆቹ አድገው ወልደው ከብደው ሲገኙ ደግሞ ጠርዙ የላላውን አሮጌ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርደው ለራሳቸው ልጆች ያነቡ ጀመር። እንዲህ እንዲያደርጉ ያዘዛቸው አስተማሪ አልነበረም። እንዲያውም አያሌ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች የኦዝን መጻሕፍት ንቀው ከመደርደሪያቸው ያርቋቸው ነበር። ፍቅሩ የተላለፈው በቤት ውስጥ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ነው።

ይህችን አገር የፈጠራት ደራሲ ላይመን ፍራንክ ባውም ይባላል። የሕይወቱን ታሪክ ስንመለከት ተረቱ የተጀመረውም በዚያው ዐይነት፣ በራሱ ቤት ውስጥ፣ በገዛ ልጆቹ መካከል መሆኑን እንረዳለን። (ከዚህ በታች የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ባውም በሜይ 15 ቀን 1856 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ቺተናንጎ በምትባል መንደር ተወለደ። ላይመን የሚለውን ስም ስለማይወደው ፍራንክ ተብሎ መጠራትን መረጠ። አባቱ በፔንሲልቫኒያ የነዳጅ ዘይት ንግድ የበለጸጉ ሰው ስለ ነበሩ ልጅነቱን ያሳለፈው ሮዝ ሎን በሚባል ሰፊ ግቢ ውስጥ ነው። ልቡ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደካማ ነበረ። በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ወደ ወታደር ትምህርት ቤት ቢላክም ጠባዩም ጤናውም ለዚያ የሚሆን አልሆነምና ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አባቱም አንዲት ትንሽ የማተሚያ መኪና ገዙለት፤ እርሱና ወንድሙ ሃሪ በዚህች መኪና የግቢያቸውን ስም የያዘ አንድ ትንሽ ጋዜጣ እያተሙ ለቤተ ዘመድና ለጎረቤት ያድሉ ነበር። እንግዲህ ባውም ገና በልጅነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፈው ለቤተሰቡ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያልሞከረው ሥራ አልነበረም። ዶሮ አረባ፤ ስለ ዶሮ እርባታም በ1886 አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ቲያትር ጻፈ፤ ራሱም በመድረክ ላይ ተጫወተ። የመኪና ዘይትም ሸጠ። በ1882 ሞድ ጌጅ የምትባለውን ወጣት አገባ። እናቷ ወይዘሮ ማቲልዳ ጆስሊን ጌጅ ለአሜሪካ ሴቶች የምርጫ መብት ከታገሉት ስመ ጥር ሴቶች አንዷ ነበሩ። ልጃቸው ትምህርቷን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አቋርጣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞር ተዋናይ ላግባ ስትላቸው በመጀመሪያ ደስ አላላቸውም። ዳሩ ግን እኒህ አማት ኋላ ለአማቻቸው ያደረጉለትን ውለታ ማንም አላደረገለትም።

በ1888 ባውም ሚስቱንና ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን ይዞ በስተ ምዕራብ ወደ ዳኮታ ሄደና በአበርዲን ከተማ ሱቅ ከፈተ። መጫወቻ፣ ከረሜላና ጌጣጌጥ ይሸጥ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ወደ ሱቁ ደጃፍ ይሰበሰባሉ፤ እርሱም ገበያውን ትቶ ተረት ይነግራቸዋል። በዚያው ዘመን አገሩን ድርቅ መታው፤ ገበሬውም የዱቤ ዕዳውን ሊከፍል አልቻለም፤ ሱቁም ከአንድ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ተዘጋ። ቀጥሎ ጋዜጣ አዘጋጀ። ስለዚህ ጋዜጣ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። በ1890 መጨረሻና በ1891 መጀመሪያ ላይ፣ ሱ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች በግፍ በተገደሉበት ሰሞን፣ ባውም እነዚህ ሕዝቦች ጨርሰው እንዲጠፉ የሚጠይቁ ሁለት ርእሰ አንቀጾች ጽፏል። ለሕፃናት ያን ያህል ርኅሩኅ የነበረ ሰው ይህንን መጻፉ የሚያሳዝን ነው፤ ሊሸፋፈንም አይገባም። በ2006 ከዘሮቹ ሁለቱ ወደ ሱ ሕዝብ ዘንድ ሄደው ስለ አያታቸው ጽሑፍ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ጋዜጣውም እንደ ሱቁ ከሰረ። በ1891 ቤተሰቡ ወደ ቺካጎ ተሻገረ፤ በዚያው ዓመት አራተኛው ወንድ ልጅ ተወለደ። ባውም የሲኒና የሳሕን ናሙና በትልቅ ሣጥን አሽጎ በባቡር ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የሚሸጥ ነጋዴ ሆነ። ሥራው አድካሚ ነበረ፤ ልቡም ያመው ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን አራቱ ልጆች ይከቡታል፤ የጎረቤት ልጆችም ይመጡና ምንጣፉ ላይ ይቀመጣሉ። እርሱም በመንገድ ላይ ያሰበውን አዲስ ተረት ይጀምርላቸዋል። ልጆቹ ደግሞ ዝም ብለው የሚያዳምጡ አልነበሩም፤ ይህ ለምን ሆነ፣ ያኛው ወዴት ሄደ እያሉ ይጠይቁታል፤ ጥያቄያቸውም ተረቱን ወዳላሰበው አቅጣጫ ይመራዋል።

ወይዘሮ ማቲልዳ ክረምቱን ከልጃቸው ዘንድ ያሳልፉ ነበርና ይህንን ሲሰሙ ከረሙ። ተረቶቹን ጽፈህ አሳትም ብለው አማቻቸውን ደጋግመው ያሳስቡት ጀመር። ባውም መጀመሪያ ሥቆ አለፈው፤ በመጨረሻ ግን ብዕሩን አነሣ። በ1897 የመጀመሪያው የሕፃናት መጽሐፉ ታተመ። በ1899 ከሠዓሊው ዴንስሎ ጋር ሆኖ ያወጣው የግጥም መጽሐፍ በጣም ተሸጠ። ወይዘሮ ማቲልዳ ግን ይህንን ሁለተኛውን ሳያዩ በማርች 1898 ዐረፉ።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር በቤቱ ላይ ሌላ ኀዘን ወደቀ። የሞድ ወንድም ሴት ልጅ የሆነች፣ ዶሮቲ የምትባል የአምስት ወር ሕፃን ሞተች። አራት ወንዶች ልጆች ቢኖሯትም ሴት ልጅ ያልወለደችው ሞድ ሕፃኒቱን እንደ ራሷ ልጅ ትወዳት ነበርና ኀዘኗ በረታ። ባውም በዚያን ጊዜ ይጽፈው ለነበረው ተረት ዋና ባለታሪክ ዶሮቲ የሚለውን ስም ሰጣት። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህንን ያደረገው ሚስቱን ለማጽናናት ነው ብለው ያምናሉ። መጽሐፉን ሲጨርስም መታሰቢያነቱን ያደረገው ለሞድ ነው። የጻፈበትንም እርሳስ፣ ያለቀበትን ቀን ኦክቶበር 9 ቀን 1899 ብሎ ጽፎ፣ በክፈፍ ውስጥ አድርጎ በግድግዳው ላይ ሰቀለው።

ይህ በ1900 የታተመው መጽሐፍ ድንቁ የኦዝ ጠንቋይ የሚባለው ነው። ዶሮቲ ከአጎቷና ከአክስቷ ጋር በካንሳስ ደረቅ ሜዳ ላይ ትኖራለች። አንድ ቀን ዐውሎ ነፋስ ቤቱን ከነእርሷና ከነውሻዋ አንሥቶ ወደ ኦዝ ይወስዳታል። ወደ ቤቷ ለመመለስ የመረግድ ከተማ ገዥ የሆነውን ታላቅ ጠንቋይ ፍለጋ ስትሄድ በመንገድ ላይ ሦስት ጓደኞች ታገኛለች፤ አእምሮ የሚመኘውን የገለባ ሰው፣ ልብ የሚመኘውን የቆርቆሮ እንጨት ቆራጭ፣ ድፍረት የሚመኘውን ፈሪ አንበሳ። ታላቁ ጠንቋይ በመጨረሻ አታላይ ሽማግሌ ሆኖ ይገኛል። ሦስቱ ግን የሚፈልጉትን ነገር በመንገዳቸው ሁሉ ሲሠሩበት የቆዩ ናቸው፤ በችግር ጊዜ መላ የሚያገኘው የገለባው ሰው ነው፤ ጢንዚዛ ረገጥሁ ብሎ የሚያለቅሰውም ልብ የለኝም የሚለው ባለቆርቆሮው ነው። ሕፃናት ይህንን ከባለታሪኮቹ አስቀድመው ያውቁታል። በእኔ ግምት የመጽሐፉ ትልቁ ደስታ ይህ ነው፤ ልጁ ከአዋቂው ጋር አብሮ ያነባል፤ አንዳንዴም ይቀድመዋል።

ስለዚህ መጽሐፍ ገንዘብ በቤተሰቡ ውስጥ ሲነገር የኖረ ታሪክ አለ። ገና ደርሶ በቤት ገንዘብ ጠፋ። ሞድ ባሏን ከአሳታሚው ዘንድ መቶ ዶላር እንዲጠይቅ ላከችው። አሳታሚው የሰጡትን ቼክ ሳያይ በኪሱ ከትቶ ተመለሰ። ሞድ ሸሚዝ ስትተኩስ አገኛትና ቼኩን ሰጣት፤ ከሦስት ሺህ ዶላር የሚበልጥ ነበረ። እርሷም ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረስታ ስለ ቆመች ሸሚዙ ተቃጠለ ይላሉ።

ባውም መጽሐፉን የጻፈው አንድ ጊዜ ጽፎ ለመተው ነበር። ነገር ግን ከየቤቱ የሕፃናት ደብዳቤ ይጎርፍለት ጀመር፤ የገለባው ሰው ምን ሆነ፣ ባለቆርቆሮውስ ብለው ይጠይቁታል። በ1904 ሁለተኛውን ጻፈ፤ ከ1907 ጀምሮም በየዓመቱ አንዳንድ አከለ። በ1909 የታተመውን ለመጀመሪያ የልጅ ልጁ መታሰቢያ አደረገው። ሆኖም እያደር ሰለቸው። ሌሎች አገሮችና ሌሎች ባለታሪኮች በአእምሮው ተመላልሰው ነበርና በ1910 ባሳተመው በስድስተኛው መጽሐፍ የኦዝን በር ዘጋው፤ አገሪቱ በአስማት ከዓለም ዐይን ተሰወረች፤ ከእንግዲህ ወሬዋ ሊሰማ አይችልም አለ።

ይህንን ባደረገበት ጊዜ ግን ዕዳ አንቆ ይዞት ነበር። በ1908 ኦዝን በቀለም በተቀቡ ሥዕሎችና በፊልም፣ በሙዚቃ ጓድ ታጅቦ፣ ራሱ ነጭ ልብስ ለብሶ እየተረከ በየከተማው አሳይቶ ነበር። አዳራሹ ይሞላ እንጂ ወጪው ከገቢው በለጠ። በ1911 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ። ከኦዝ ሌላ የጻፋቸው ሁለት አዳዲስ መጻሕፍትም እንዳሰበው አልተሸጡለትም። የሕፃናቱ ደብዳቤ ግን አልተቋረጠም። አንድ ልጅም ያለ ሽቦ በሚሠራው ቴሌግራፍ ከዶሮቲ ጋር ብንነጋገርስ የሚል ሐሳብ እንዳቀረበለት ገልጦ በ1913 ኦዝን እንደገና ከፈታት። የተመለሰው በፍቅር ነው ወይስ በችግር? በሁለቱም ይመስለኛል፤ ለልጆቹ ምላሽ የመስጠት ልማዱን ግን ገንዘብ ብቻ ሊያስረዳው አይችልም።

በዚያን ጊዜ መኖሪያው ሆሊውድ ነበረ፤ ቤቱንም ኦዝኮት ብሎ ሰይሞታል። በግቢው ዳሊያና ክሪሳንተመም እየተከለ በአበባ ውድድር ሽልማት ይቀበል ነበር። በአትክልቱ መካከል ተቀምጦ መጽሐፉን ይጽፋል፤ ለሕፃናቱ ደብዳቤም ራሱ መልስ ይሰጣል። አንዲት ትንሽ ልጅ የኦዝ ንግሥት ኦዝማ ብትጠፋ ወይም ብትሰረቅ አገሩ ሁሉ ምንኛ ያዝን ነበር ብላ ነገረችው፤ ከዚህች አሳብ የ1917ን መጽሐፍ በሙሉ አወጣ። ያንንም መጽሐፍ የሰጠው በዚያ ስም ለተጠራችው ለልጅ ልጁ ለኦዝማ ባውም ነው። ለአራት ወንዶች ልጆች ሲነገር የተጀመረው ተረት ወደ ቤቱ ተመልሶ የሕፃን ስም ሆነ።

በ1918 የሐሞት ከረጢቱን በቀዶ ጥገና አስወጣ። ከዚያ በኋላ ከአልጋው ብዙም አልተነሣም፤ እንዲያውም ተኝቶ ይጽፍ ነበር። አንድ ነገር ቢደርስብኝ በማለት የ1919ንና የ1920ን መጻሕፍት አስቀድሞ እንዳዘጋጀ ለአሳታሚዎቹ አስታወቃቸው። እንዳለውም ሆነ። በሜይ 6 ቀን 1919፣ ስልሳ ሦስት ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ዐረፈ። ሁለቱ መጻሕፍት ግን በየጊዜያቸው ለሕፃናቱ ደረሱ። ከባውም እጅ የወጡት የኦዝ ታሪኮች በጠቅላላው ዐሥራ አራት ናቸው።

አሳታሚዎቹ ሥራው እንዲቀጥል ከሞድ ጋር ተስማሙና የፊላዴልፊያ ነዋሪ ለነበረችው ለሩት ፕላምሊ ቶምሰን ሰጧት። ይህች ሴት በልጅነቷ የኦዝ ፍቅር የያዛት ነበረች፤ ከ1921 እስከ 1939 ዐሥራ ዘጠኝ መጻሕፍት ጽፋ በገቢው እናቷንና እኅቷን አስተዳድራለች። የባውም የበኩር ልጅ ፍራንክ ጆስሊን ደግሞ የአባቱን ሕይወት ከአንድ ሌላ ጸሐፊ ጋር ጻፈ፤ መጽሐፉ የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1961 ነው። ሞድ እስከ 1953 በሕይወት ነበረች። በ1939 የታወቀው ፊልም በሆሊውድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ተገኝታለች፤ ያን ጊዜ ዕድሜዋ ሰባ ስምንት ዓመት ነበረ።

በ1957 የኦዝን ወዳጆች ማኅበር ያቋቋመው የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላም በቀድሞው አሳታሚ ቤት ከወጡት የኦዝ መጻሕፍት አርባኛው ታተመ። የጻፉት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንደኛዋ ኦዝን በልጅነቷ ያነበበችው ኤሎይስ ማግሮ፣ ሁለተኛዋ ልጇ ሎረን።