አለን ቱሪንግና የአምስት ኪሎው ቤተ ሙከራ

ለዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ስለ አንድ ታዋቂ ሰው ጻፍ ስትሉኝ አለን ቱሪንግን መረጥኩ። ምክንያቱም አለኝ።

መቼም ያቺን የአሴምብሊ መልመጃ የረሳ የለም፤ ስትሪንግ ከአንድ የሜሞሪ ቦታ ወደ ሌላ መገልበጥ። እኔ በ8086 ላይ አንድ ባይት አንብቤ፣ ጽፌ፣ ተመልሼ እየዞርኩ ስገለብጥ ለአንዷ ባይት 40 ያህል የሰዓት ምት ይፈጅብኝ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ግን ዙሩን ትቶ፣ ሞቭ ስትሪንግ የምትባለውን ትእዛዝ ራሷን እንድትደጋግም አድርጎ ወደ 17 አወረደው። ሁለት ሁለት ባይት ሲያነሳማ ያንኑ በግማሽ ቀነሰው። እኔ ውጤቱ ያው ነው ብዬ ናቅኩት። ነገሩ የገባኝ ከተመረቅን በኋላ የቱሪንግን ሕይወት ሳነብ ነው።

ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1912 ለንደን ተወለደ። ካምብሪጅ ሒሳብ ተማረ። በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ በተሰጠው መመሪያ ማንኛውንም ስሌት የሚሠራ ማሽን በሐሳቡ ነደፈ። በጦርነቱ ጊዜ ብሌችሊ ፓርክ ገብቶ የጀርመኖችን የኢኒግማ ምስጢር ከፈቱት አንዱ ሆነ።

በ1945 ለንደን አጠገብ ቴዲንግተን ወደሚገኘው ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ሄዶ ኤሲኢ የተባለውን ኮምፒውተር ነደፈ። ሜሞሪው ሜርኩሪ የተሞላ ቱቦ ነው። መረጃው የድምፅ ሞገድ ሆኖ ቱቦውን ያቋርጥና እንደገና ከመጀመሪያው ይገባል፤ አንዱ ዙር 1 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። የምትፈልገው ትእዛዝ ገና አሁን ካለፈ፣ ታክሲ እንዳመለጠው ሰው ቆሞ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ቱሪንግና ባልደረቦቹ መላ ዘየዱ፦ እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚቀጥለው የት እንዳለ ይናገራል፤ ፕሮግራም ጸሐፊውም ቀጣዩን ልክ በተፈለገበት ቅጽበት ከቱቦው ብቅ በሚልበት ቦታ ያስቀምጠዋል። የማሽኑ ትእዛዝ ራሱ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ማዛወር ነበር፤ አንዱ ትእዛዝ ብዙ ቃላትን በተከታታይ ሊያዛውር ይችላል። የእኛ ልጅ ያደረገው ይኸንኑ እኮ ነው! ፍጥነት ማለት መሮጥ ሳይሆን ያለ ሥራ አለመቆም ነው።

ማሽኑን ከመጠበቅ ያዳነው ሰው ግን ራሱ መጠበቅ አልቀረለትም። የኤሲኢ ግንባታ ተጓተተ፤ ተሰላችቶ በ1948 ወደ ማንችስተር ሄደ። ባልደረቦቹ ያነሰውን ፓይለት ኤሲኢ ሠርተው በሜይ 1950 ሲያስነሱት በዘመኑ ከነበሩት ፈጣኖቹ አንዱ ሆነ። ቱሪንግ በ1952 ከወንድ ጋር ባለው ግንኙነት ተከሶ ተፈረደበት፤ በእስር ፈንታ የሆርሞን መድኃኒት እንዲወስድ ተደረገ። በጁን 1954 በ41 ዓመቱ በሳያናይድ መርዝ ሞተ። የንግሥቲቱ ይቅርታ የመጣው በ2013፣ ከሞተ ከ59 ዓመት በኋላ ነው። አገሩን ላገለገለ ሰው ይህ ሁሉ ዘመን ምን ያደርጋል?

ለዚህ ነው የእኔንም ምስጋና ማዘግየት ያልፈለግሁት። አንተ ያን መልመጃ ከእኔ ጋር የሠራህ ልጅ፣ ስምህን ባልጠራም ራስህን ታውቃለህ። ልክ ነበርክ። ያኔ ሳልነግርህ ቀረሁ፤ በግብዣው ቀን ቀድሜ መጥቼ በር ላይ እጠብቅሃለሁ።