ኦቲዝምን ያጠኑት ሐኪም

አንድ ልጅ ሦስት ዓመት አልፎት አልናገር ሲል ወይም የሰማውን ብቻ እየደጋገመ ሲናገር ሰፈሩ ስም ለማውጣት አይዘገይም። ዱዳ ነው፣ ሰይጣን ለክፎት ነው፣ እናቱ አሞላቃው ነው ይባላል። ዛሬ የዶክተር ሊዮ ካነርን ሕይወት የምናነሣው ስም ሊረዳም ሊጎዳም እንደሚችል ስለሚያሳየን ነው።

ዶክተር ካነር እ.ኤ.አ. በ1894 በዛሬዋ ዩክሬን በብሮዲ ከተማ አቅራቢያ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በርሊን ሕክምና ተምረው በ1924 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በ1930 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ አቋቋሙ።

በ1943 ስለ 11 ልጆች የጻፉት ጥናት ታዋቂ አደረጋቸው። ከልጆቹ አንዳንዶቹ መስማት የተሳናቸው፣ ሌሎቹ የአእምሮ ዘገምተኞች ተብለው ነበር። እርሳቸው ግን ቀረብ ብለው አዳመጡ። ስምንቱ ይናገራሉ፤ አነጋገራቸው ግን የተለየ ነው። በእኛ ቋንቋ ብናስበው፣ ልጁ ውሃ ሲጠማው እፈልጋለሁ አይልም፤ እናቱ የጠየቀችበትን ቃል እንዳለ ይዞ ውሃ ትፈልጋለህ ይላል። መጠየቁ ሳይሆን መለመኑ ነው።

በ1946 ደግሞ ትርጉም የለሽ የሚመስለው ንግግር ምንጭ እንዳለው አሳዩ። አንድ ሕፃን ድስት ባየ ቁጥር የልጆች መዝሙር ስንኝ ይል ነበር። ነገሩ ሲጣራ እናቱ ያንን መዝሙር እያለችለት ሳለ ድስት ከእጇ ወድቆ ነበር። ለልጁ መዝሙሩና ድስቱ አንድ ሆነው ቀሩ።

ካነር ግን ሌላም ስም አውጥተዋል። የልጆቹን ወላጆች ፍቅር የጎደላቸው አድርገው ገለጹ፣ ቤታቸውንም ከማቀዝቀዣ ጋር አመሳሰሉ። በዚህ የተነሣ ብዙ እናቶች ለዓመታት በማያውቁት ጥፋት ተወቀሱ። በ1969 በወላጆች ማኅበር ስብሰባ ላይ ቆመው ወላጆችን ከጥፋተኝነት ነፃ አወጡ።

በ1971 የ11ዱን ልጆች ሁኔታ ተከታትለው ዘገቡ። በተቋም ተዘግተው የኖሩት የነበራቸውንም ችሎታ አጥተዋል፤ የአካባቢው ሰው ያቀፈው የመጀመሪያው ልጅ ግን የባንክ ሠራተኛ ሆኗል። ካነር በ1981 በ86 ዓመታቸው አረፉ።

ዛሬ ኦቲዝም በአስተዳደግ ጉድለት እንደማይመጣ እናውቃለን። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ነበሩ።

እኔ በምሠራበት በወላይታ ዞን ገሱባ ወላጆች ቤት ወላይትኛ፣ ውጪ አማርኛ መስማቱ ልጁን አምታቶት ይሆን ብለው ይጠይቃሉ። አይደለም። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝምን አያመጣም፤ ስለዚህ የቤታችሁን ቋንቋ አትተዉ።

ልጃችሁ በ1 ዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በጣት የማያመለክት፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል የማያገናኝ ወይም የጀመረውን ንግግር የተወ ከሆነ፦

• ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ በቅድሚያ ጆሮው ይመርመር።
• የሚደጋግመውን ቃልና መቼ እንደሚለው ጽፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩ።
• በአጭር ቃል፣ ዕቃውን እያሳያችሁ አናግሩት፤ መልስ እስኪሰጥም ታገሡት።
• ከሰው አትደብቁት።

ሐኪም የሚሰጠው ስም ለልጁ እርዳታ ማግኛ መንገድ ነው፤ በልጁም በእናቱም ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደለም።