የሚጮኸው ፍሬንና ኢንጂነር ላንቼስተር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወርድ መኪና ከ600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይለቃል። ነጂው በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ፍሬኑን እየያዘ ወርዶ፣ የመቂንና የዝዋይን አቧራ ለብሶ ሲመለስ፣ አንድ ቀን ከጎማው ዘንድ ጆሮ የሚበሳ ሲጥታ ይሰማል። ብዙ ሰዎች ይህንን ድምፅ የመኪናው እርጅና ምልክት አድርገው ይቈጥሩታል። ነገር ግን ዛሬ በአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ላይ የሚገኘውን የዲስክ ፍሬን በ1902 ያስመዘገበውን እንግሊዛዊ ያስቸገረው ይኸው ጩኸትና ይኸው አቧራ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ፍሬደሪክ ዊልያም ላንቼስተር በኦክቶበር 23 ቀን 1868 በሎንዶን ተወለደ፤ አባቱ የሕንፃ ንድፍ ዐዋቂ ነበሩ። ትምህርቱን ያለ ዲግሪ ትቶ ወደ ሥራ ገባ። ከወንድሞቹም ጋር ሆኖ በበርሚንግሃም ከተማ የሠራው መኪና በ1896 በመንገድ ላይ ተነዳ። በ1899 ኩባንያ ተቋቋመ፤ ገንዘብ ግን እንደ ልብ አልነበረውም። ላንቼስተር ሌሎች ፋብሪካዎች የሠሩትን መቅዳት የማይወድ፣ እያንዳንዱን ክፍል ከመሠረቱ አስቦ የሚሠራ ሰው ነበርና ፍሬኑንም እንዲሁ አሰበው። ከጎማው ጋር የሚዞር ስስ የብረት ሳሕን አድርጎ፣ ያንን ሳሕን ከግራና ከቀኝ ቈንጥጦ የሚያቆም መሣሪያ ፈጠረ።

አሳቡ ትክክል ነበር። የጐደለው የሚቈነጥጠው ነገር ነው። በዘመኑ ከተገኙት ማዕድናት መዳብን መረጠ፤ መዳቡ ግን በብረቱ ላይ ሲፋተግ እጅግ ይጮህ ነበር። የዚያን ጊዜ መንገድ ደግሞ አስፋልት የሌለው፣ አቧራማና ኰረኰንች ስለ ነበረ፣ አቧራው መዳቡን ቶሎ በላው።

ጩኸቱ ከየት እንደሚመጣ የማሲንቆ ተጫዋች ያየ ሁሉ ሊረዳው ይችላል። ደጋኑ ጭራውን ይዞ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል፤ ጭራውም ይርገበገባል። የፍሬን ሸራም ዲስኩን በአንድ ወጥ ኀይል ከመያዝ ይልቅ በሰከንድ ብዙ ሺሕ ጊዜ እየያዘ ሲለቅ፣ ዲስኩ ይርገበገባል፣ ይጮኻል። ኸርበርት ፍሩድ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ከአስቤስቶስ የተሠራ ሸራ ባወጣ ጊዜ ድምፁ ቀነሰ፤ የፍሩድ ፋብሪካ የፌሮዶ ስምም በዓለም ተሰማ። አስቤስቶስ ግን ሳንባን የሚጐዳ ሆኖ በመገኘቱ በኋላ በብዙ አገር ተከለከለ።

በቤታቸው መኪናቸውን ለመመርመር ለሚፈልጉ ወጣቶች እዚህ ላይ ጥቂት ቃል ብንጨምር ከታሪኩ የምንርቅ አይመስለንም። ዝናብ ባደረበት ጧት ብቻ ተሰምቶ ፍሬን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያዝ የሚጠፋ ሲጥታ በዲስኩ ላይ ያደረ ስስ ዝገት ነው፤ አያሠጋም። ፍሬን በተያዘ ቍጥር የሚሰማ ከሆነ ግን መኪናውን በደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ ለጎማዎቹ ታኮ አድርጎ፣ በክሪክ ካነሡ በኋላ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ማሳረፍ ይገባል፤ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር እጅን ማግባት ሞኝነት ነው። ጎማው ሲወልቅ ሸራው ይታያል። ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከወረደ በግራም በቀኝም በአንድነት ይለወጣል። በብዙ ሸራዎች ላይ ሸራው ሲያልቅ ዲስኩን ነክታ እንድትጮህ የተደረገች ትንሽ ቈርቈሮ አለች። ሸራው ገና ወፍራም ሆኖ ፊቱ እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ በብርጭቆ ወረቀት በቀስታ መፈተግ ነው። አቧራውን በአፍ ወይም በአየር መንፋት አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሙቀት የሚችል ግራሶ በሸራው ጀርባና በሚንሸራተትበት ቦታ ላይ በስሱ ይቀባል፤ ፊቱን ከነካ ግን መኪናው አይቆምም። ጎማው ተመልሶ ከታሰረ በኋላ፣ ከመንዳት በፊት፣ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ መርገጥ ያስፈልጋል። ድምፁ ሲጥታ ሳይሆን ብረት ከብረት ጋር የሚፋጭበት ከሆነ ወደ ጋራዥ መሄድ ይሻላል።

ወደ ላንቼስተር እንመለስ። ኩባንያው በ1904 በዕዳ ተያዘ። እርሱ ግን አሳቡን ወደ አየር አዞረ፤ በ1907ና በ1908 ስለ በረራ ያሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት የአውሮፕላን ክንፍ እንዴት እንደሚሸከም የሚያስረዱ ናቸው። የጦር ሠራዊቶችን ብዛትና ኀይል በሒሳብ አነጻጽሮ የጻፈውም ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ1922 የእንግሊዝ የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። ፍሬኑ በጩኸት የተተወበት ይህ ሰው በ1920ዎቹ ደግሞ ጥሩ ድምፅ የሚያሰማ የራዲዮ ድምፅ ማጉያ ለመሥራት መድከሙ ያስገርመናል።

ሀብት ግን አላገኘም። በእርጅናው ዘመን እጁ በበሽታ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ገንዘብም አጥሮት በሰዎች ርዳታ በቤቱ እየኖረ፣ በማርች 8 ቀን 1946 በበርሚንግሃም ሞተ። ከ7 ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ በፈረንሳይ አገር ለ24 ሰዓት በሚደረገው የለ ማን እሽቅድምድም፣ ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት ጃጓር መኪና አንደኛ ወጣ። የመኪና ፋብሪካዎችም ከዚያ ወዲያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ወደ ቈየው አሳብ ተመለሱ።