ከዛር ቤት እስከ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ፤ የፕሮፌሰር ሐሊም ኤል ዳብህ አጭር የሕይወት ታሪክ

በመቱ የክረምቱ ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ መውረድ ሲጀምር፣ በመኝታ ቤታችን ውስጥ ያለ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን የጓደኛውን ንግግር እንኳ መስማት ያቅተዋል። እንዲህ ባለ አንድ ምሽት ጥቂት ጓደኛሞች ተሰብስበን ኤሌክትሮኒክ የሚባለውን የሙከራ ሙዚቃ ስናዳምጥ፣ ከመካከላችን አንዱ ድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ እንደ ሆነ ጠየቀ። ሌላውም ነገሩ የፈረንጅ ቅንጦት እንጂ ለእኛ የሚሆን አለመሆኑን ተናግሮ ተነሥቶ ሄደ። እኛም በጊዜው የምንመልሰው ቃል አጣን።

በኋላ ግን ነገሩን ስንመረምር፣ ከዚህ ሙዚቃ የመጀመሪያ አባቶች አንዱ አፍሪካዊ መሆናቸውን፣ ያውም በአዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩና የሀገራችንን የሙዚቃ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ላይ ያሰባሰቡ ሰው መሆናቸውን ተረዳን። ስለዚህ ለዚያ ተነሥቶ ለሄደው ወንድማችንም ሆነ ለአንባብያን ሁሉ የእኚህን ሰው ታሪክ በአጭሩ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሊም ኤል ዳብህ በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ከተማ፣ ሰካኪኒ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የቅብጥ ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለዱ። ከዘጠኝ ልጆች የመጨረሻው ነበሩ። በ1932 ዓ.ም. በካይሮ ታላቅ የዓረብ ሙዚቃ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። በዚህ ጉባኤ ላይ ከአውሮፓ እንደ ባርቶክና እንደ ሂንደሚት ያሉ ዝነኞች የሙዚቃ ደራሲዎች ተገኝተዋል። የአሥራ አንድ ዓመቱ ሐሊምም ከወንድማቸው ጋር ሄደው ይህን ጉባኤ ለማየት በቁ። የሀገር ሙዚቃ በሊቃውንት ፊት ሲመረመርና በሸክላ ሲቀረጽ ማየት ለአንድ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ሙዚቃን አልነበረም፤ እርሻን ነበር። በ1945 ዓ.ም. በእርሻ ምሕንድስና ተመርቀው በየገጠሩ እየዞሩ ገበሬዎችን በሙያቸው ይረዱ ነበር። በዚህም ምክንያት ከተሜው የማይሰማውን የመንደር ዘፈንና ከበሮ ለመስማት ዕድል አገኙ። በመካከላችን እርሻ የሚያጠኑ ብዙዎች ስላሉ፣ ሙያቸው ከጆሮ ጋር የማይገናኝ መስሎ የሚታያቸው ቢኖሩ ይህን ልብ እንዲሉ እንወዳለን።

ስማቸውን ለታሪክ ያበቃው ሥራ የተሠራው ገና ተማሪ ሳሉ በ1944 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ድምፅ የሚቀረጽበት ቴፕ በግብፅ አልተለመደም ነበር። ሐሊም ግን ከአንድ የራዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ ተዋሱ። ይህ መሣሪያ እንደ ክር የቀጠነ የብረት ሽቦ ከአንድ ጥቅል ወደ ሌላው እያሳለፈ፣ ድምፁን በመግነጢስ ኃይል በሽቦው ላይ የሚያስቀር ነው። ይህን ከባድ ዕቃ ተሸክመው ከአንድ ጓደኛቸው ጋር የሄዱት ወደ ዛር ቤት ነበር። ዛር ምን እንደ ሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ እጣኑን፣ ከበሮውንና የባለዛሯን ጩኸት ያላየ እንኳ ሲወራ ሰምቷል። በካይሮ በዚያ ሥርዓት ላይ ወንድ አይገባም ነበርና ሁለቱ ወጣቶች እንደ ሴቶቹ ራሳቸውን ሸፍነው ገቡ።

የቀረጹትን ድምፅ እንዳለ ለሕዝብ ቢያሰሙት ኖሮ ለባህል ጥናት የሚጠቅም ሥራ ሆኖ በቀረ ነበር። ሐሊም ግን ወደ ስቱዲዮ ወስደው ይሠሩበት ጀመር። ማንኛውም ድምፅ፣ የሰውም ሆነ የደወል፣ አንድ መሠረታዊ ድምፅና ከእርሱ በላይ የሚከተሉ ብዙ ረቂቅ ድምፆች አሉት። ደወል ከተደወለ በኋላ በጆሯችን ውስጥ እያንዣበበ የሚቆየው ከእነዚህ ረቂቆች የመጣ ነው። ሐሊም ከሴቶቹ ዜማ ላይ መሠረታዊውን ድምፅ እየቀነሱ ረቂቆቹን ብቻ አስቀሩ። ግድግዳው በሚንቀሳቀስ ክፍል ውስጥ እያሰሙ ማስተጋባቱን አስረዘሙት፤ ደግመውም ቀረጹት። በመጨረሻ የተገኘው ድምፅ ሴቶቹም አይደሉ፣ ከበሮውም አይደለ፤ ነገር ግን የዛሩ ሥርዓት መንፈስ ሳይለቀው የቀረ ድምፅ ነበር። ይህንንም የዛር መግለጫ የሚል ስም ሰጥተው በዚያው ዓመት በካይሮ ለሕዝብ አሰሙ።

የተቀረጸ ድምፅን እየቆራረጡና እየለዋወጡ ሙዚቃ መሥራት በብዙ መጻሕፍት የሚጀመረው ፒየር ሼፈር የተባሉት ፈረንሳዊ በ1948 ዓ.ም. በፓሪስ ከሠሩት ሥራ ነው። የሐሊም ሥራ ከዚያ አራት ዓመት ይቀድማል። ይሁን እንጂ በሸክላ ስላልታተመ ዓለም ሳያውቀው ቆየ። ከሽቦው የተረፈው የሁለት ደቂቃ ያህል ክፍል በዲስክ ታትሞ የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ የታሪክ ምዕራፍ በሌላ ሰው ስም ሲነበብ ኖረ ማለት ነው። ይህን የምንጽፈው ሼፈርን ለማሳነስ አይደለም፤ እርሳቸውም ከራሳቸው ልፋት የደረሱበት ነው። ያልታተመና ያልተመዘገበ ሥራ ምን ዕጣ እንደሚገጥመው ግን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በ1949 ዓ.ም. ሐሊም በፍልስጥኤም ስለተደረገው ጦርነት የደረሱትን የፒያኖ ሙዚቃ በካይሮ በአንድ ካቴድራል ውስጥ ተጫወቱ። ይህም ዝና አስገኘላቸውና በ1950 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዱ። እዚያም የቀይ ሕንዶችን ዜማ አጠኑ፤ ከታላላቅ የሙዚቃ መምህራን ተማሩ። በ1958 ዓ.ም. ማርታ ግራሃም ለተባለችው ዝነኛ የውዝዋዜ ሰው ክሊተምኔስትራ የተባለውን ትርኢት ሙዚቃ ደረሱ። በዚያው ዓመት ደራቡካ የሚባለውን የግብፅ ከበሮ ከአውሮፓ ባለ አውታር መሣሪያዎች ጋር አስማምተው በኒውዮርክ ራሳቸው ሲመቱ፣ መሪው ስቶኮቭስኪ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ወደ ኮሎምቢያና ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ገቡ። በ1959 ዓ.ም. ሌይላና ገጣሚው የተባለውን ሥራ ፈጸሙ። ታሪኩ ከጥንቱ የዓረቦች የሌይላና የመጅኑን ፍቅር የተወሰደ ሲሆን፣ የሰው ንግግርና የባህል መሣሪያ ድምፅ በቴፕ ላይ ከመሣሪያው ድምፅ ጋር ተዋህደውበታል። ሌሎች በዚያ ማዕከል የሚሠሩ ሰዎች ሙዚቃቸውን እንደ ሒሳብ ቀምረው ሲጽፉ፣ የሐሊም ሥራ ግን ትንፋሽ ያለው፣ እንደ ተራኪ ሰው የሚቆምና የሚቀጥል ነው። ማዕከሉ በ1964 ዓ.ም. ባሳተመው ሸክላ ላይ ይህ ሥራ ስለወጣ ብዙ ወጣት የሙዚቃ ሰዎች ሰሙት።

እዚህ ላይ ስለ ነጻ ጃዝ ጥቂት መናገር ይገባል። ሐሊም በዚህ ማዕከል በሠሩባት በኒውዮርክ ከተማ፣ በ1960 ዓ.ም. መጨረሻ ኦርኔት ኮልማን ስምንት ሰዎችን በሁለት ቡድን ከፍሎ ለሠላሳ ሰባት ደቂቃ ያህል ያለ ተወሰነ የስምምነት መሥመር አጫወተ። ነጻ ጃዝ የተባለው አካሄድ ስሙን ያገኘው ከዚህ ሸክላ ነው። ኮልማንና ሐሊም አብረው ሠሩ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ አንሥተው ነበር፤ ይኸውም ጩኸት፣ ሲቃ፣ መንቀጥቀጥና ማስተጋባት ከዜማው እንደ ጉድፍ ተጠርገው የሚጣሉ ናቸው ወይስ ራሳቸው ሙዚቃ ናቸው የሚል ነው። አንዱ በሳክስፎኑ ትንፋሽ፣ ሌላው በሽቦና በቴፕ፣ መልሳቸው አንድ ሆነ። ሁለቱ መንገዶች ከጊዜ በኋላ በግልጽ ተገናኝተዋል፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ የጃዙ ሰው ሰን ራ ሙግ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ከሳክስፎኖቹ መካከል አስገብቶ መጫወት ጀመረ።

ይህ መልስ ለእኛ ሀገር እንግዳ አይደለም። የበገና ሠሪ አባቶቻችን በእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዚራ የምትባለውን ቁራጭ ቆዳ ያስገቡት ድምፁ እንዲነዝር ፈልገው ነው፤ ያ ነዘራ ቢወጣ በገናው በገናነቱ ይቀራል። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያም በ1950ዎቹ ሽለላንና ፉከራን ከጀግናው አፍ ወስደው በሳክስፎን ማስጮህ ሲጀምሩ፣ የኮልማን ሸክላ ገና አልወጣም ነበር። የውጭ አድማጮች በኋላ ሲሰሟቸው ከነጻ ጃዝ ሰዎች ጋር አመሳሰሏቸው፤ በ2006 ዓ.ም. ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ቡድን ጋር ሞዓ አንበሳ የተባለውን ሥራ አብረው ቀረጹ።

ፕሮፌሰር ሐሊም ወደ ሀገራችን የመጡት በ1962 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1964 ዓ.ም. አስተማሩ። ከኒውዮርክ የመጣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሊቅ የሚያስተምረን የፈረንጅ ነገር ነው ብሎ የጠበቀ ተማሪ ቢኖር ሳይደነቅ አልቀረም። እርሳቸው ግን ያደረጉት የሀገሩን ሙዚቃ ማጥናትና ባለሙያዎችን መፈለግ ነበር። በ1963 ዓ.ም. ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረቱ። እስከዚያ ድረስ ማሲንቆው ከአዝማሪው፣ በገናው ከጸሎቱ፣ እምቢልታውና መለከቱ ከቤተ መንግሥትና ከትልልቅ በዓል፣ ዋሽንቱም ከእረኛው ጋር እያንዳንዱ በየቦታው ነበር። በኦርኬስትራው ግን ከልዩ ልዩ ሕዝብ የመጡ ባለሙያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ድምፅ ሰምቶ መግባት ነበረበት። እያንዳንዱ መሣሪያ ከየራሱ ሥርዓት ተነጥሎ መድረክ ላይ መውጣቱ የሚያጎድለው ነገር አለ የሚል ሰው ቢኖር፣ ክርክሩ መሠረት የሌለው አይደለም። ሆኖም ባለማሲንቆውና ባለእምቢልታው በዩኒቨርሲቲ ጥላ ሥር እንደ ሙያ ሰው መከበራቸው በራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ሐሊም ከሄዱ በኋላ ኦርኬስትራው አልፈረሰም። ተስፋዬ ለማ ለብዙ ጊዜ መሩት፤ በ1969 ዓ.ም. አባሎቹ የብሉ ናይል ቡድን ተብለው በአሜሪካ ተዘዋውረው ተጫወቱ። በ1975 ዓ.ም. ግን ተበተነ።

ፕሮፌሰሩ በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ በኋላ በ1969 ዓ.ም. ኦሃዮ ወደሚገኘው ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ወር፣ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም በተሰበሰቡት የዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ወታደሮች ተኩሰው አራት ሲገድሉ ዘጠኝ አቆሰሉ። ሐሊም የተማሪዎቻቸውን ሞት በዝምታ አላለፉትም፤ በ1971 ዓ.ም. ስለዚህ ነገር ኦፔራ ደረሱ። ድምፅን ሲመረምሩ የኖሩ ሰው፣ ዝም የተሰኙትን ልጆች ድምፅ እንደገና ለማሰማት ተነሡ። ለተማሪ አንባቢ ከሕይወታቸው ሁሉ ይህ ክፍል የሚከብድ ይመስለናል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ እስከ 1991 ዓ.ም. ካስተማሩ በኋላ፣ ጡረታ ወጥተውም ማስተማሩን አልተዉም። በ2017 ዓ.ም. በዘጠና ስድስት ዓመታቸው አረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለኢሉባቦር ተማሪዎች የሚተርፈው ምንድር ነው? ፕሮፌሰሩ በአዲስ አበባ ባስተማሩበት ዘመን ጋምቤላ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። በአውራ ጣት የሚመታው የአኙዋኮች ቶም፣ የኦሮሞ እናቶች የአቴቴ ዜማ፣ የቡና ሙቀጫ ምት፣ ይህ ሁሉ በዚያን ጊዜ በአንድ ግዛት ውስጥ ይሰማ ነበር። ዛሬም ከመቱ ብዙ ሳንርቅ ልንሰማው እንችላለን። ነገር ግን ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየዓመቱ ያልፋሉ። ሐሊም ከራዲዮ ጣቢያ ለምነው ከተዋሱት ሽቦ የሚሻል መቅረጫ በእያንዳንዳችን ኪስ፣ በስልካችን ውስጥ አለ። የጎደለን መሣሪያ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ መስማት ነው።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ጎሬ፣ ወደ ያዮ፣ ወደ ሁሩሙ፣ ወደ በደሌና ወደ ሌሎቹ ከተሞች የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ከየቤታችሁ አንድ አንድ ድምፅ ቀርጻችሁ እንድትመለሱ እንለምናለን። ባለድምፁን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ በዚህ ነገር ራሳቸውን ሸፍነው የገቡትን ወጣቶች መከተል የለብንም። ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ግልባጩም በተማሪዎች ማኅበር ዘንድ ይቀመጥ፤ እንደ ዛሩ ሽቦ ሃምሳ ስድስት ዓመት ተረስቶ እንዳይቆይ።

ዝናቡ እንደገና ሲመጣ እኛም ያንኑ ሙዚቃ ከፍተን እንቀመጣለን። ተነሥቶ የሄደው ወንድማችን ቢመለስ ቦታው ተጠብቆለታል፤ የመንደሩን ድምፅ ይዞ ቢመጣ ደግሞ አስቀድመን የምናዳምጠው የእርሱን ነው።